መልስ ሳይሆን ወረቀት ጠይቁ

መጀመሪያ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የጻፍኩት የመረጃ ጥያቄ ሁለት ገጽ ነበር። ተጀምሮ ስለቀረ አንድ መንገድ ነው። ለምን አላለቀም፣ ገንዘቡ የት ገባ፣ ተጠያቂው ማነው፣ እስከ መቼ ነው በጭቃ የምንሄደው እያልኩ አንጀቴን የሚያርሰኝን ሁሉ ጻፍኩ። ከሳምንታት በኋላ አንዲት መስመር መልስ መጣችልኝ፦ «የጠየቁት ዓይነት ሰነድ በመሥሪያ ቤታችን አይገኝም።» ተናደድኩ። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶ ወረቀት የለም ይላሉ እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰዎቹ አልዋሹም። «ለምን አላለቀም» የሚል ፋይል እውነትም የላቸውም።

የመረጃ ሕጎች በአብዛኛው የሚሰጧችሁ መብት መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ያለውን ሰነድ የማየትና ቅጂ የመውሰድ መብት ነው። ማብራሪያ የማግኘት መብት አይደለም፣ አዲስ ጥናት የማሠራትም አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት ያለው ሥራ አንድ ነው፦ የልባችሁን ጥያቄ ወደ ወረቀት ስም መለወጥ። «ገንዘቡ የት ገባ» የሚለው «የክፍያ ምስክር ወረቀቶች» ይሆናል። «ማን ወሰነ» የሚለው «ቃለ ጉባኤ» ይሆናል።

ይህን ለመሥራት አንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲጓዝ የት የት ዱካ እንደሚጥል ማሰብ ነው። መንገዱን እንውሰድ። መጀመሪያ በጀት ይጸድቃል። ከዚያ የጨረታ ማስታወቂያና የጨረታ ሰነድ አለ፣ ተጫራቾች ያስገቡት አለ፣ የገምጋሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አለ። አሸናፊው ውል ይፈርማል። ሥራው ሲጀመር ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በየጊዜው ሪፖርት ይጽፋል፣ ተቋራጩ ለሠራው ልክ የክፍያ ምስክር ወረቀት ይዘጋጃል፣ ሥራው ከተለወጠ የለውጥ ትእዛዝና የውል ማሻሻያ ይፈረማል፣ ካለቀ ደግሞ የርክክብ ሰነድ ይኖራል። እዚህ ውስጥ ሁሉን አትጠይቁ። ለእኔ ሁለቱ ይበቁ ነበር፦ የውል ማሻሻያውና የመሐንዲሱ ሪፖርት። ሥራ የቆመበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እነሱ ላይ ነው።

የሰነዱን ስም ካላወቃችሁ ስልክ ደውሉ። ግን ኃላፊውን ሳይሆን መዝገብ ቤት ያለውን ሰው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ቢገኝም ፋይሉ ምን እንደሚባል ላያውቅ ይችላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ፋይሉን ስንት ጊዜ ከመደርደሪያ አውርዶ መልሷል። «እንዲህ ያለ ጉዳይ እናንተ ጋ በምን ስም ነው የሚቀመጠው?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሌላው ጥሩ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ምን ዓይነት መዝገቦችን ለስንት ዓመት እንደሚያስቀምጥ የሚያሳየውን ዝርዝር ማግኘት ነው። ይህ ራሱ ሰነድ ነው፣ ይጠየቃል። የምትፈልጉት ነገር የሚወገድበት ጊዜ ከተቃረበም ቶሎ በሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰነዱ የሆነ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ ፈልጉ። በጀት፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤና የጨረታ ውጤት ብዙ ቦታ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ጠይቆም ይሆናል። በእንግሊዝ ዋትዱዜይኖው፣ በአሜሪካ መክሮክ የሚባሉ ድረ ገጾች የሰዎችን ጥያቄና የመሥሪያ ቤቶችን መልስ አብረው ያወጣሉ። የሌላ ሰው ጥያቄ ማንበብ በራሱ ትምህርት ነው፣ የቱ አጻጻፍ ሰነድ እንዳስገኘና የቱ እንደተመለሰ ታያላችሁ። እናንተ በዚያ በኩል ከላካችሁ ግን የእናንተም ጥያቄ አደባባይ እንደሚወጣ አትርሱ።

አሁን ሕጉ። ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ ስዊድን የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ያለችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው። ዛሬ ከመቶ በላይ አገሮች የመረጃ ሕግ አላቸው፣ ግን አንዱ ከሌላው ይለያያል። ሰው በብዛት የሚሳሳተው የተሳሳተ ሕግ በመጥቀስ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የ1966ቱ የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚሠራው ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው። ለከተማ አስተዳደር፣ ለአካባቢ ፖሊስ ወይም ለትምህርት ቦርድ የሚሠራው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በ2000 የወጣው ሕግ ሚኒስቴሩንም የአካባቢ ምክር ቤቱንም አንድ ላይ ይይዛል፣ የሕንድ የ2005 ሕግም እንደዚያው። በኢትዮጵያ መነሻው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው (ይህ 2000 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ የሌሎቹ አገሮች ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። የራሳችሁን ሕግ ስታነቡ አራት ነገር ብቻ ፈልጉ፣ ሌላው ይቆያል፦ ማን መጠየቅ ይችላል፣ በስንት ቀን ይመለሳል፣ ምን ይከፈላል፣ ከተከለከልኩ ወዴት ልሂድ። «ማን» የሚለውን አትናቁት። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ሕግ መብቱን የሚሰጠው በዋናነት ለራሷ ነዋሪዎች ነው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 ይህን ገደብ አጽድቆታል።

የቱ ቢሮ እንደሆነም አረጋግጡ። ውሃ፣ መንገድና ትምህርት ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ሦስት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በሕንድ ሕግ የተሳሳተ ቢሮ ብትልኩ እንኳ በ5 ቀን ውስጥ ወደ ትክክለኛው ማስተላለፍ ግዴታቸው ነው። ሌላ ቦታ ግን «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ወር ሊባክን ይችላል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኔ አሁን የምጽፈው ይህን ይመስላል፦

«በ(የሕጉ ስም) መሠረት የሚከተሉት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከዚህ ቦታ እስከዚህ ቦታ ላለው የመንገድ ግንባታ የተፈረመው ውል እና ማሻሻያዎቹ ከነአባሪዎቻቸው። ሁለተኛ፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ያቀረባቸው ወርኃዊ ሪፖርቶች። በኤሌክትሮኒክ መልክ ቢላክልኝ እመርጣለሁ። ክፍያ ካለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግምቱ ይነገረኝ። ከሰነዱ ውስጥ የማይሰጥ ክፍል ካለ ቀሪው ተለይቶ ይሰጠኝ፤ የተከለከለው በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።»

ስም፣ አድራሻ፣ ቀን። አለቀ። ቁጣም ልመናም የለበትም። ለምን እንደፈለጋችሁት አትጻፉ፣ ካልተጠየቃችሁ በቀር። የሕንድ ሕግ እንዲያውም ምክንያት መጠየቅን በግልጽ ይከለክላል። ምክንያት የሚጠቅመው ከክፍያ ነፃ እንድትሆኑ ስትጠይቁ ነው፣ ያኔ ለሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም ማሳየት ይኖርባችኋል።

ከደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። የቀን ገደቡ ፍለጋውን ያጠባል፣ ጥያቄው «በጣም ሰፊ ነው» ተብሎ እንዳይመለስ ይረዳል። «ከነአባሪዎቻቸው» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ዋናው የዋጋ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያለው አባሪው ላይ ነው። የቁጥር ሠንጠረዥ ከሆነ ደግሞ በኤክሴል ይሁን በሉ። አለበለዚያ ታትሞ፣ ተጣሞ፣ እንደ ፎቶ ተነሥቶ ይመጣላችሁና ቁጥሩን በእጃችሁ ስትገለብጡ ማምሸት ነው።

ኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፣ ግን «ስለ መንገዱ የተጻፈውን ኢሜይል ሁሉ» ብላችሁ የላካችሁ ቀን ነገሩ ተበላሸ። የላኪውንና የተቀባዩን የሥራ መደብ፣ ቀኑንና ሁለት ሦስት መፈለጊያ ቃል ስጧቸው። ባለሥልጣኑ በግል ስልኩ የተጻጻፈው ከሆነስ? የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 የሳን ሆዜ ከተማን ጉዳይ ሲወስን፣ የሕዝብ ሥራ የተሠራበት መልእክት በግል ስልክ ወይም ኢሜይል ስለተጻፈ ብቻ ከሕጉ አያመልጥም ብሏል። በየአገሩ እንዲህ አይደለም፣ ግን ጥያቄው ውስጥ ማስገባቱ አይጎዳም።

በእጅ ካስገባችሁ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ይወስዳሉ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማህተም አስመቱ። በኢሜይል ከሆነ «ደርሷል» የሚል መልስ ጠይቁ። ያ ቀን ከሌላችሁ ቀጠሮ የላችሁም፣ ያለው ደጅ መጥናት ብቻ ነው።

ቀን ስትቆጥሩ የሥራ ቀን ይሁን የካሌንደር ቀን አረጋግጡ። በእንግሊዝ 20 የሥራ ቀን ነው፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት 5 የሥራ ቀን፣ በሕንድ 30 ቀን፣ በኢትዮጵያም አዋጁ 30 ቀን ይላል። በሕንድ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት የሚመለከት ጥያቄ ከሆነ 48 ሰዓት ነው። የካሊፎርኒያው 10 ቀን ደግሞ ሰነዱ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑበት ነው እንጂ ሰነዱን የሚያስረክቡበት አይደለም። ብዙዎቹ የማራዘሚያ ቀዳዳ አላቸው።

መሃል ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሊደወልላችሁ ይችላል። ይህ መልካም ዜና ነው፣ አንድ ሰው ፋይሉን እየፈለገ ነው ማለት ነው። ሰውየው ላይ አትጩኹ፣ ገንዘቡን የበላው እሱ አይደለም። «የትኛውን ቀድመን ብንሰጥዎ ይሻላል?» ካለ ተደራደሩ። ስልኩ እንደተዘጋ ግን የተስማማችሁበትን በኢሜይል ጻፉለት፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው ሪፖርቶቹ በመጀመሪያ ይላካሉ፣ ውሉን የጠየቅኩት ግን እንዳለ ነው።» ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አንድ ጊዜ «ጥያቄዎን በስልክ ትተውታል» ተብያለሁ።

ክፍያው ካስደነገጣችሁ ቅጂውን ትታችሁ በአካል ሄዳችሁ ለማየት ጠይቁ። ብዙ ሕጎች ይፈቅዳሉ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ጊዜም እንደ ክፍያ ነው፦ በእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤት ሰነዱን ፈልጎ ለማውጣት ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል ካለ እምቢ ማለት ይችላል። ያኔ አትሟገቱ። ስድስት ወሩን ወደ ሁለት ወር አውርዱት።

ክልከላ ብዙ መልክ አለው። ዝም ካሉ ቀኑ ባለፈ ማግስት አጭር ማስታወሻ ላኩ፤ በሕንድ ሕግ ዝምታ እንደ ክልከላ ይቆጠራል፣ ስለዚህ በቀጥታ ይግባኝ ይባልበታል። «ሰነዱ የለም» ካሉ የት የት ፈልጋችሁ ነው በሏቸው፣ ሰነዱ መኖሩን የሚያሳይ ሌላ ወረቀት ካላችሁም አያይዙ። «ምስጢር ነው» ካሉ አንቀጹን ይጥቀሱ። የግለሰብ የጤና መረጃ ወይም በምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ፋይል ከሆነ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የመንገድ ውል ግን በሙሉ ምስጢር ሲሆን አይታየኝም። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን አጥቁረው ቀሪውን መስጠት ይችላሉ።

ይግባኙ ከጥያቄውም ያጠረ ይሁን። ይህን ጠየቅኩ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን መለሱ፣ ስህተቱ ይህ ነው። በእንግሊዝ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደገና እንዲያየው ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ ገለልተኛው የመረጃ ተቆጣጣሪ አካል አለ። በሕንድ በ30 ቀን ውስጥ ለበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ በ90 ቀን ውስጥ ለመረጃ ኮሚሽን ነው። በኢትዮጵያ ቅሬታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። እነዚህ ቀኖች ካመለጧችሁ ብዙ ጊዜ አዲስ ጥያቄ ከመጀመር በቀር መንገድ የለም፣ እኔ ላይ ደርሷል።

የራሳችሁን የግል ማህደር ከፈለጋችሁ ደግሞ ይህ መንገድ ላይሆን ይችላል። ብዙ አገር ለዚያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፣ በእሱ ጠይቁ።

ሰነዱ ሲመጣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡና ከታች ወደ ላይ አንብቡ። አናቱ ላይ ያለው «በቀን ይህ በቁጥር ይህ በተጻፈ ደብዳቤ» የሚለው መስመር ሌላ ሰነድ መኖሩን ከነቁጥሩ ይነግራችኋል። ግርጌው ላይ ያለው የግልባጭ ዝርዝር ደግሞ ያው ወረቀት ሌላ ማን ጋ እንዳለ ይነግራችኋል። የመንገዱን ውል ማሻሻያ የጠየቅኩት ቢሮ ጠፍቷል ብሎኝ ነበር። በሌላ ደብዳቤ ግርጌ ግን ግልባጩ ለፋይናንስ ክፍሉ እንደተላከ አየሁ። ለእነሱ ቁጥሩን ጠቅሼ ሁለት መስመር ጻፍኩ። በዘጠነኛው ቀን ስካን ተደርጎ መጣ፣ ከነአባሪው።