ፍየል ከመግዛት በፊት እጅን ማሟሸት፦ ለጀማሪዎች በተግባር የመማሪያ መንገድ

ፍየል ማርባት ያማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቪዲዮ ይጀምራል። ቪዲዮ ክፋት የለውም። የሰኮና አከራከምን በአሥር ደቂቃ ያሳያችኋል። ፍየሏ እግሯ ሲያዝ በምን ጉልበት እንደምትነጥቃችሁ ግን አያሳይም። የጤነኛ ፍየል ሆድ ሲነካ ምን እንደሚመስልም እንዲሁ። እነዚህ በእጅ ብቻ የሚገቡ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ የራሳችሁን ከመግዛታችሁ በፊት በሰው ፍየል ተማሩ። ከተቻለ ሙሉ ዙሩን እዩ፤ ከማስጠቃት (ከወንዱ ጋር ከማገናኘት) እስከ ውልደት፣ ከውልደት እስከ ጡት ማስጣል። እርግዝናው 150 ቀን ገደማ ነው። ግልገሎች ብዙ ጊዜ በ2 ወይም በ3 ወራቸው ጡት ይጥላሉ። በድምሩ ስምንት ወር ቢሆን ነው። መደበኛ ሥራ ያለው ሰው እንኳ ቅዳሜ ጠዋቱን ከሰጠ ይደርስበታል።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደምታረቡ ወስኑ

ለወተት ከሆነ ጠዋትና ማታ የሚያልብ ሰው ዘንድ ሂዱ። ለሥጋ ከሆነ ክብደት የሚመዝን፣ ወጠጤ የሚያኮላሽ፣ መኖ የሚያሰላ ሰው ይሻላል። ቁጥቋጦ ለማጽዳት ከሆነ ደግሞ ዋናው ትምህርት አጥር ነው። ፍየል የሚይዝ አጥር ማጠር ቀልድ አይደለም። አጥር ሲታጠር አንድ ቀን አብሮ መዋል በኋላ ብዙ ሩጫ ያድናል።

ደረጃ 2፦ አስተማሪ ፈልጉ

የግብርና ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አጫጭር ኮርሶችና የመስክ ቀናት ያዘጋጃሉ። የአርቢዎች ማኅበራት ካሉ ለአባል ላልሆነም ሰው በራቸውን የሚከፍቱበት ቀን አይጠፋም። የግብርና ባለሙያዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ የትኛው አርቢ ጥሩ እንደሚይዝ ያውቃሉ። ሐኪም ጠይቁ። ማን ጋ ቶሎ ቶሎ እንደሚጠራና ለምን እንደሚጠራ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጊዜ ላለው ሰው ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ዉፍ የሚባለው የእርሻ በጎ ፈቃደኞች ትስስር ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራል። ሰዎች ግማሽ ቀን ገደማ እየሠሩ ማደሪያና ምግብ ያገኛሉ። ፍየል ያለው እርሻ መርጣችሁ ጥቂት ሳምንት ብትቆዩ ከብዙ ኮርስ ይበልጣል።

ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ለአንድ ፍየል ስንት ሰው ነው? እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይሠራል ወይስ ቆሞ ያያል? ሠላሳ ሰው አንዲት ፍየል ከቦ የሚውልበት ሥልጠና ለፎቶ ይሆናል እንጂ ለእጅ አይሆንም።

ምርጫ ካላችሁ እኔ ጥቂት ፍየሎች ያሉት ቅርብ ጎረቤት እመርጣለሁ። እያንዳንዷን በስም ያውቃታል። «ይቺ ዛሬ ልክ አይደለችም» ሲል ለምን እንዳለ ጠይቃችሁ መልስ ታገኛላችሁ። ትልቅ እርሻ የሚበልጠው በውልደት ወቅት ነው፤ በአንድ ሳምንት ብዙ ሲወለድ ታያላችሁ።

ስትጠይቁ ደግሞ «አስተምሩኝ» ብቻ አትበሉ። አርቢ ጊዜ የለውም። «ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ጉረኖ ልጥረግ፣ ድርቆሽ ልሸከም፤ በዚያው እማራለሁ» በሉ። በጠጥ የጠረገ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ ማንም አይሰለችበትም።

ደረጃ 3፦ በሽታ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ይዛችሁም አትመለሱ

ይህን ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል። በአንድ ቀን ሁለት እርሻ አትጎብኙ። ጫማችሁ ታጥቦ የደረቀ፣ ልብሳችሁ ንጹሕ ይሁን። የፍየል በሽታዎች በጫማ ጭቃ ይጓዛሉ።

ወደ ሰው የሚተላለፉም አሉ። ብሩሴሎሲስና ኪው ፊቨር በውልደት ጊዜ በሚወጣ ፈሳሽና በእንግዴ ልጅ በኩል ይይዛሉ። ብሩሴሎሲስ ባልፈላ ወተትም ይመጣል። ስለዚህ ለውልደት ጓንት የግድ ነው። ፍየል ስትወልድ ነፍሰ ጡር ሴት እዚያ ባትገኝ ይሻላል። የቀመሳችሁት ወተት የፈላ መሆኑን አረጋግጡ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዓይን ተማሩ

መኖ ሲሰጥ አንድ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። ማን ማንን ትገፋለች? ማን ወደ ኋላ ትቀራለች? ፍየል የመንጋ እንስሳ ነች። ብቻዋን ጥግ ይዛ የቆመች፣ መኖ መጥቶ ያልተነሳች ፍየል አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው።

ከበሉ በኋላም አትሂዱ። ጤነኛ ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ። በጠጡን እዩ፤ ድብልብልና የተነጣጠለ መሆን አለበት። ከተጣበቀ ወይም ከቀጠነ ለባለቤቱ ንገሩ። ግራ ጎኗን ከቀኙ ጋር አስተያዩ። ግራው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ካያችሁት ሆዷ በጋዝ ተነፍቷል፤ ሐኪም የሚጠራው ያኔውኑ ነው።

ጥሩ ልምምድ ልንገራችሁ። ስትደርሱ ባለቤቱ ምንም ሳይነግራችሁ መንጋውን እዩና «ዛሬ የማትመቸኝ ይቺ ናት» በሉ። ከዚያ እሱ ያለውን ስሙ። መጀመሪያ ላይ አትገጥሙም። እየቆየ መግጠም ይጀምራል። የማስታወሻ ደብተር ያዙ፤ የፍየሏ ስም፣ ያያችሁት፣ በኋላ የሆነው።

ደረጃ 5፦ መያዝና መመርመር

ፍየል በቀንድ አትጎተትም፣ በእግርም አትያዝም። አንገቷ ላይ ማሰሪያ ካለ እሱን፣ ከሌለ አገጯን ከሥር ደግፋችሁ ወደ ግድግዳ ጠጋ አድርጓት። በጉልበታችሁ ጎኗን ደገፍ ካደረጋችሁ ብዙዎቹ ይረጋጋሉ። አትሩጡ፤ ስትሮጡ እነሱም ይሮጣሉ፣ ያኔ አሸናፊው ይታወቃል።

አንዴ መያዝ ከቻላችሁ በየጉብኝቱ እነዚህን ደጋግሙ።

ሙቀት። ቴርሞሜትሩ በፊንጢጣ ይገባል፤ ጫፉን ቅባት ቀቡት፣ እስኪጨርስም አትልቀቁት። በአብዛኛው ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጤናማ ነው። የሰው ሙቀት በልቡ ይዞ የመጣ ጀማሪ ጤነኛዋን ፍየል ትኩሳት አለባት ብሎ ይደነግጣል። በሞቃት ቀን ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል ከጓደኞቿም ጋር አወዳድሩ።

ሆድ። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ፣ ከዳሌው አጥንት በፊት ያለውን የግራ ጎን በጡጫችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑትና ጠብቁ። ጨጓራዋ ሲንቀሳቀስ እጃችሁን ይገፋዋል። በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ካልተሰማችሁ ጤነኛ የሆነች ሌላ ፍየል ላይ ሞክሩ። ይህን ያወቀ እጅ የታመመች ፍየልን ለመለየት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሥጋ። የወገቧን አከርካሪ ዳስሱ። ዓይን በፀጉር ይታለላል፤ ጣት አይታለልም። አጥንቱ እንደ ልብ ከተቆጠረ ከስታለች፤ ጭራሽ ካልተገኘ ወፍራለች። ባለሙያዎች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ቁጥሩን ለባለቤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ተናገሩ።

ጥርስ። ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፤ ከታች ስምንት አላት። በአንድ ዓመቷ ገደማ መሃለኞቹ ሁለቱ በትልልቅ ይተካሉ፣ ከዚያ በየዓመቱ ጥንድ ጥንድ እየጨመረ በአራት ዓመት ገደማ ይሞላል። ከንፈሯን ብቻ ገልጣችሁ እዩ። ጣታችሁን ወደ መንጋጋ እንዳትሰዱ፤ እዚያ ያለው ጥርስ ይቆርጣል።

የዓይን ቆብ። ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ፍየልን ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጦ የውስጡን ቀለም ማየት ደም ማነሷን ያሳያል። ለዚህ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ፋማቻ የሚባል የቀለም ካርድ አለ። 1 ደማቅ ቀይ ነው፣ 5 የነጣ። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሥልጠናውን ለወሰደ ሰው ነው። ሥልጠናው አጭር ስለሆነ አጠገባችሁ ከተገኘ አያምልጣችሁ። መንጋውን በሙሉ በየጊዜው መድኃኒት መጋት ትሉ መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። ካርዱ የሚያስፈልጋትን ለይታችሁ እንድትሰጡ ይረዳል። ለሌሎች የትል ዓይነቶች ግን አይሠራም።

ደረጃ 6፦ ሰኮና

ሰኮና ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ ልምምድ አይጠፋም። ለስላሳ መሬት ላይ የሚውሉ ፍየሎች ከ6 እስከ 8 ባለው ሳምንት አንዴ ሊከረከሙ ይችላሉ፤ ድንጋያማ ቦታ የሚውሉት ይዘገያሉ። ከዝናብ በኋላ ሰኮናው ስለሚለሰልስ ለጀማሪ ይቀላል።

መጀመሪያ ቆሻሻውን አውጡ። የታጠፈውን ጠርዝ ቁረጡ። ከዚያ ከሥሩ በስስ በስሱ። ሮዝ ወደ መሆን ማለት ሲጀምር አቁሙ፤ ከዚያ በታች ደም አለ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት እግር ይበቃችኋል። ወገባችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ደረጃ 7፦ ማለብ

የለመደች፣ ገራም የሆነች ፍየል ለምኑ። ጀማሪ አላቢና ጀማሪ ፍየል አንድ ላይ አይሆኑም።

እጅ ታጠቡ፣ ግቷንም አጽዱና አድርቁ። የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት ለብቻ ዕቃ ላይ አልባችሁ እዩ። የረጋ ነገር ወይም ደም ካለው የጡት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከሌላው አትቀላቅሉት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጡቱን ከላይ ቀለበት ሠርተው ይዘጋሉ፤ ወተቱ ወደ ላይ እንዳይመለስ ነው። ከዚያ የቀሩት ጣቶች በተራ ይጨምቃሉ። ቁልቁል መጎተት የለም። ጣታችሁ ከደከመ ባለቤቱ ይጨርስ፤ ግት ውስጥ ወተት ማስቀረት ጥሩ አይደለም። ሲያልቅ ጡቱን በተዘጋጀው መድኃኒት መንከር ትምህርቱ ውስጥ አለ፤ አትዝለሉት።

ደረጃ 8፦ መድኃኒት

እዚህ ላይ በራስ መሞከር የለም። ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይሁን። በአፍ ስትግቱ በጉንጯ በኩል፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ሳታቀኑ ነው፤ ካቀናችሁት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መጠኑ በግምት ሳይሆን በክብደት ነው። ከተሰጠ በኋላ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ውልደት

ዙሩን ሙሉ እዩ ያልኩት ለዚህ ነው። ባለቤቱን «በየትኛውም ሰዓት ደውሉልኝ» በሉት፤ ሲደውልም ተነሱ። ጭራዋ ሥር በግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ሲላሉ ቀኑ ቀርቧል። ከመላላታቸው በፊትም ዳስሷቸው፤ ለውጡ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

በአብዛኛው ቀድመው የሚታዩት ሁለት የፊት ሰኮናዎችና በላያቸው የተጋደመ አፍንጫ ነው። ያን ጊዜ የእናንተ ሥራ ዝም ብሎ ማየት ነው። ብዙ ውልደት የሰው እጅ አያስፈልገውም። አጥብቃ እያማጠች 30 ደቂቃ ያለ ለውጥ ካለፈ ግን ሐኪም ይጠራ።

ግልገሉ ሲወጣ አፍንጫው ላይ ያለውን ንፍጥ ጥረጉና ለእናቱ ተዉላት፤ ትላሰው። እትብቱን 7 በመቶ አዮዲን ውስጥ ንከሩ። ከዚያ እንገር። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት መጥባት አለበት። በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል፤ 3 ኪሎ ለሆነ ግልገል 300 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በሽታ የሚከላከልለት ነገር ያለው እንገሩ ውስጥ ነው፤ አንጀቱ ያን መቀበል የሚችለው ግን ለመጀመሪያው ቀን ያህል ብቻ ነው። ጡቱን ያላገኘ ግልገል ይዛችሁ አፉን አስገጥሙት። የእንግዴ ልጁ ተንጠልጥሎ ካያችሁት አትጎትቱ፤ 12 ሰዓት ካለፈው ሐኪም ይየው።

ደረጃ 10፦ ለሁለት ቀን ባለቤት ሁኑ

አስተማሪያችሁ መንገድ ሲኖረው ፍየሎቹን እንዲያስረክባችሁ ጠይቁ። ውኃ፣ መኖ፣ ማለብ፣ ማታ መቁጠር፣ ሁሉም በናንተ። የእሱና የሐኪሙ ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማለዳው ዝናብ ቢሆንም ሁለቱን ቀን አጠናቃችሁ አሁንም ፍየል ካማራችሁ፣ ግዙ።

ስትገዙ አስተማሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ ብቻዋን የሆነች ፍየል ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች። ዓይን ቆቡን፣ ጥርሱን፣ ሰኮናውን፣ ግቱን ራሳችሁ መርምሩ። የምትታለብ ከሆነች ሻጩ ፊታችሁ ይለባት፣ ቀጥሎ እናንተ እለቧት። ስለ ብሩሴሎሲስ ምርመራ ጠይቁ፤ ውጤቱን በወረቀት እዩ። የለመዱትን መኖ ከሻጩ ትንሽ ይዛችሁ ሂዱና ወደ አዲሱ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ እያላችሁ አሻግሯቸው። ቤት ሌላ ፍየል ካለ አዲሶቹ 30 ቀን ለብቻ ይቆዩ፤ የነሱን መኖና ውኃም የመጨረሻ አድርጋችሁ ስጡ።