ኤንጅልፊሹ ላይ ነጭ ነጥብ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ኤንጅልፊሽ የተባለው የባሕር ዓሣ ያለበት የጨው ውሃ ገንዳ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨዋማነቱ (በአንጻራዊ እፍግታ) 1.025፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣው መርዝ አሞኒያ ዜሮ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክቱ፦ ክንፉና ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ድንጋይ ላይ ይታሻል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

መንስኤው፦ ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተውሳክ። እዚህ ዱባይ የሚደወልልኝ በአብዛኛው ለዚሁ ነው። ዓሣውም ብዙ ጊዜ ማኩሎሰስ የሚባለው ኤንጅልፊሽ ነው፤ ያ ሰማያዊ ገላው ላይ ቢጫ ምልክት ያለው፣ የቀይ ባሕርና የባሕረ ሰላጤው ልጅ።

ሰው የሚሸወደው ነጥቡ በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ነው። ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዓሣው ይጠራል። አልዳነም። ተውሳኩ ጠግቦ ወረደ እንጂ። አሸዋው ላይ ተሸፍኖ ይራባና በመቶዎች ሆኖ ይመለሳል። አንዱ ደንበኛዬ ምግቡን በነጭ ሽንኩርት ሲነክር ሰነበተ፤ ነጥቡ ሲጠፋ ለጓደኞቹ ሁሉ መድኃኒቱን ነገራቸው። በሁለተኛው ዙር ዓሣው የሚተነፍስበት ስንጥቡ ተበልቶ ሞተ። ነጭ ሽንኩርት ለጉንፋናችሁ ይሁን።

መፍትሄው፦ ዓሦቹን በሙሉ፣ ነጥብ የሌለባቸውንም ጭምር፣ ወደ ለይቶ ማቆያ አውጡ። ድንጋይና አሸዋ አታስገቡ፣ መድኃኒት የሚሆነውን መዳብ ይመጡታል። መደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ከማጣሪያው ከሰሉን አውጡ። ከዚያ ውሃው ውስጥ የመዳብ መድኃኒት፤ ተራው (አዮኒክ የሚባለው) ዓይነት ከሆነ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም፣ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ፣ ለ30 ቀን። ሌላው (ኬሌትድ የሚባለው) ዓይነት መጠኑ ስለሚለይ ጠርሙሱን አንብቡ። በየቀኑ ለኩ። በዓይን ግምት ማንጠባጠብ ዓሣ መግደል ነው። ሴንትሮፓይጅ የሚባሉት ትንንሾቹ ኤንጅልፊሾች ደግሞ መዳብ ይከብዳቸዋል፣ በእነሱ ላይ ይበልጥ ዝግ በሉ። አሞኒያ የሚያጠፋ ኬሚካል ከመዳብ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ!

ተውሳኩ ዓሣ አጥቶ እንዲሞት ዋናው ገንዳ ከ70 ቀን በላይ ያለ ዓሣ ይቆይ። ረዘመ ትላላችሁ፤ አውቃለሁ። በወሩ ዓሣውን መልሶ እንደገና የሚጠራኝ ሰው አላጣሁም። መረቡንም ለየብቻ አድርጉ።

መዳብ ዋናው ገንዳ ውስጥ የጨመረ ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ሽሪምፑ፣ ቀንድ አውጣው፣ ኮራሉ አልቋል፤ ተውሳኩ አለ። ድንጋዩ መዳቡን መጦት መጠኑ ወርዶ ነበር። «ኮራል አይነካም» የሚል ጠርሙስም ሱቁ ሁሉ ሞልቷል። እኔ በእሱ የዳነ ዓሣ አላየሁም።

ሌሎቹ፦ ነጥቡ እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ቬልቬት የሚባለው ሌላ ተውሳክ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ ዛሬውኑ ወደ መዳብ። ዓይኑ ከደፈረሰ ትል ጠርጥሩ፤ ሙቀቱና ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ጨው አልባ ውሃ 5 ደቂቃ ንከሩት፣ ትሉ ነጭ ሆኖ ይረግፋል፤ ከዚያ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት። አዲስ ዓሣ አልበላ ካለ ዛጎሉ የተከፈተ ክላም (የባሕር ዛጎል እንስሳ) ወይም ኖሪ (የደረቀ የባሕር አረም) ሞክሩ። እየበላ የሚከሳ ከሆነ አጥማጆች ዓሣ ለማደንዘዝ በሚረጩት መርዝ፣ በሳይናይድ፣ የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒት የለኝም። ሱቅ ውስጥ ፊታችሁ ሲበላ ካላያችሁት ትታችሁት ውጡ።