ግማሹን ማርክ የሚይዝ ፋይናል እንዴት ይያዛል?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ኮርስ ውጤት ከመቶ ሲሰላ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ፋይናሉ ይይዛል። የቀረውን ኩዊዝ፣ አሳይመንትና ሚድ ይካፈሉታል። የአራት ወር ትምህርት በሁለት ሰዓት ወረቀት ላይ ሲወድቅ ማስጨነቁ አይቀርም። ጭንቀቱ ተማሪን ወደ ሁለት ስህተት ይገፋል፤ አንዱ "ፋይናል ላይ አካክሰዋለሁ" ብሎ ሴሚስተሩን መልቀቅ ነው፣ ሌላው ሚድ ሲበላሽ ኮርሱን እንዳለቀ መቁጠር ነው። ሁለቱም ሒሳቡን ሳይሠሩ የሚደረጉ ውሳኔዎች ናቸው።

1. በመጀመሪያው ሳምንት አውትላይኑን (የኮርሱን ዕቅድ) ያዙ

የሁሉንም ኮርሶች ምዘና በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ምዘናው ምንድን ነው፣ ስንት ማርክ ይይዛል፣ መቼ ነው። መምህሩ አውትላይን ካልሰጠ በክፍል ተወካዩ በኩል ጠይቁ። አምስቱን ኮርስ ጎን ለጎን ስታዩት ሁለት ሚድና አንድ ፕሮጀክት የሚገጣጠሙበት ሳምንት ከወዲሁ ብቅ ይላል። ለዚያ ሳምንት የሚሆነው ሥራ ከሁለት ሳምንት በፊት መጀመር አለበት።

2. ከፋይናል የሚያስፈልጋችሁን ማርክ አስሉ

ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 15፣ ሚድ 25፣ ፋይናል 50 የሆነበትን ኮርስ እንውሰድ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት ቋሚ ስኬል 50 ሲ፣ 70 ቢ፣ 75 ቢ ፕላስ፣ 80 ኤ ማይነስ ነው (የእናንተን ከሬጅስትራር አረጋግጡ)። ከፋይናል በፊት 34 የያዘ ተማሪ ለቢ ከ50 36፣ ለቢ ፕላስ 41፣ ለኤ ማይነስ 46 ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቢ ሩቅ አይደለም፣ ቢ ፕላስ ጠንክሮ ካነበበ ይደረስበታል፣ ኤ ማይነስ ግን ከ50 አራት ማርክ ብቻ መሳትን ይጠይቃል። ሚድ ተበላሽቶበት 25 ብቻ የያዘው ደግሞ ሲ ለማግኘት የፋይናሉ ግማሽ ይበቃዋል። ይህን ተማሪ ኮርሱን እንዲተው የሚያደርገው ፍርሃት እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ኩዊዝ ላይ በቸልታ የሄደች 3 ማርክ፣ ፋይናል ላይ ለመመለስ 6 በመቶ የተሻለ ውጤት ትጠይቃለች። የፋይናል የመጨረሻዎቹ ማርኮች ደግሞ ከሁሉ የከበዱ ናቸው። ሃንድአውት አንድ ጊዜ አንብቦ የሚገኝ የኩዊዝ ማርክ ከሴሚስተሩ ሁሉ ርካሹ ማርክ ነው፤ ፋይናሉ ከባድ በሆነ ቁጥር ይህን ማርክ መልቀቅ አያዋጣም።

መምህሩ ግሬድ የሚሰጠው ተማሪውን ከክፍሉ ጋር አወዳድሮ ከሆነ፣ ስሌቱን እንደ ግምት ብቻ ውሰዱት።

3. ሰዓታችሁን በክሬዲት አከፋፍሉ

ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከቢ (3) ወደ ቢ ፕላስ (3.5) ከፍ ሲል 2 ነጥብ ይጨምራል፤ ባለ 2 ክሬዲቱ በዚያው ለውጥ 1 ብቻ። ጠቅላላ ጭነታችሁ 18 ክሬዲት ከሆነ፣ የመጀመሪያው የሴሚስተር አማካዩን በ0.11፣ ሁለተኛው በ0.06 ገደማ ያነሣዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የመውደቅ አደጋ ያለበት ኮርስ፣ ቀጥሎ ክሬዲቱ ብዙ ሆኖ ድንበር ላይ ያለው፣ በመጨረሻ ውጤቱ ከሞላ ጎደል የታወቀው። መውደቅን ያስቀደምነው በምክንያት ነው። ብዙ ኮርሶች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ፤ የወደቀው ኮርስ የሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ አንድ ኤፍ ምረቃን በዓመት ሊያዘገይ ይችላል።

4. አንብቡ፣ ዝጉ፣ ጻፉ

በጣም የተለመደው የአጠናን ዘዴ ሃንድአውቱን በሃይላይተር እያሰመሩ ሦስትና አራት ጊዜ መደጋገም ነው። ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ትንሽ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ አንዱ ቡድን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ያስታወሰውን በወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት 56 በመቶ ያህሉን፣ ያነበቡት 42 በመቶውን አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ "ገብቶኛል" የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ፈተናው ድረስ አይቆይም።

በተግባር እንዲህ አድርጉት። አንድ ምዕራፍ 40 ደቂቃ አንብቡ። ዝጉት። በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ሁሉ፣ ቀመሩንና ንድፉን ጨምሮ፣ በ10 ደቂቃ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያንኑ ምዕራፍ ከሁለት ቀን በኋላ፣ እንደገና ከሳምንት በኋላ ሳትከፍቱ ሞክሩት። በቀጣዩ ዙር የምታነቡት በሌላው ቀለም የተጻፈውን ብቻ ነው።

ወርክ አውት (ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ የሚመለስ ጥያቄ) ያለበት ኮርስ ላይ የተሠራ መልስ ማየት ያታልላል፤ ሌላው የሠራውን መከተል ቀላል ነው። የወርክሺቱን ጥያቄ ገልብጡና ከባዶ ጀምሩ፤ 15 ደቂቃ ሳትታገሉ መልሱን አትዩ። ከሲኒየሮች የተገኙ የቆዩ ፈተናዎች ይጠቅማሉ፣ ግን ሸምድዶ ለመግባት አይደለም፤ መምህሩ ቁጥሩን ወይም መነሻውን ቢለውጥ የሸመደደው ተማሪ እጁ ላይ ምንም አይቀርም። ቢያንስ አንዱን ሳታዩት አቆዩና ከፈተናው አራት ቀን በፊት ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ሥሩት።

ሦስት ሳምንት ሲቀር መጀመር ለአምስት ኮርስ ይበቃል። የመጨረሻውን ሌሊት ሲያነቡ ማደር ግን የሚሰጠው ከሚወስደው ያነሰ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የሚያውቀውን ቀመር ያምታታል።

5. ትልቅ አሳይመንትና የግሩፕ ሥራ

ባለ 20 ማርክ ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በእውቀት ማነስ አይደለም፤ ሁሉም ነገር ለመጨረሻው ምሽት ስለሚቀር ነው። በዚያ ምሽት መብራት ይጠፋል፣ ፍላሹ ቫይረስ ይይዛል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጨናነቃል። ለራሳችሁ ከማስረከቢያው ሁለት ቀን የቀደመ ቀን ቁረጡ። ፋይሉን በየቀኑ ለራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት።

በግሩፕ ሥራ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ማን የትኛውን ክፍል እስከ መቼ እንደሚጨርስ በግሩፑ ቻት ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ። ስሙን ብቻ የሚያስጽፍ አባል ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ለመምህሩ ስታመለክቱ ማስረጃ ይሆናችኋል፤ ማመልከት ያለባችሁም ከማስረከቡ በፊት ነው። የተለያየ ሰው የጻፈውን አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ አለበት። ያለዚያ መግቢያው የሚለውንና መደምደሚያው የሚለውን የሚያስታርቅ አይኖርም።

6. አዳራሹ ውስጥ

መታወቂያ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ የተፈቀደ ካልኩሌተር። ወረቀቱ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የገጹን ቁጥር አረጋግጡ፤ ከኋላ የታተመ ጥያቄ ሳያዩ መውጣት በየሴሚስተሩ የሚደርስ ጥፋት ነው። ከዚያ ሰዓቱን በማርኩ አካፍሉ። 120 ደቂቃ ካላችሁ 10ሩን ለክለሳ አስቀሩ፤ 110 ለ50 ማርክ ሲካፈል ለአንድ ማርክ 2.2 ደቂቃ ነው። ባለ 8 ማርክ ጥያቄ 18 ደቂቃ ያህል ይገባዋል። ከዚያ ካለፈ ቦታ ትታችሁ ሂዱ።

የምታውቁትን አስቀድሙ። የተሳሳተ መልስ ማርክ የማያስቀንስ ከሆነ ምርጫ ጥያቄ ባዶ አይተው። ወርክ አውት ላይ መጨረሻውን ባታገኙ እንኳ የተሰጠውን፣ ቀመሩንና መለኪያውን ጻፉ፤ ብዙ መምህራን ለአሠራሩ ደረጃዎች ማርክ ይሰጣሉ። ያልተጻፈ ሐሳብ ግን አይታረምም።

7. ከፈተናው በኋላ

የታረመው የሚድ ወረቀት ሲታይ ሄዳችሁ እዩት። የጠፋውን ማርክ በሦስት ክፈሉት፦ ያላወቅሁት፣ አውቄ የተሳሳትሁት፣ ሰዓት ያጠረኝ። የመጀመሪያው ተጨማሪ ንባብ፣ ሁለተኛው ክለሳ፣ ሦስተኛው ሰዓት ይዞ መለማመድን ይጠይቃል። የማርኩን ድምርም ራሳችሁ ደምሩት፤ የድምር ስህተት ያጋጥማል።

በፈተናው ቀን ከታመማችሁ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱና የሕክምና ማስረጃ ያዙ፤ ከቀናት በኋላ የተጻፈ ወረቀት ለሜካፕ (ላመለጠ ፈተና ማካካሻ) ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ግሬድ ሲለጠፍ ቅሬታ ካላችሁ ሬጅስትራር የወሰነው የማመልከቻ ጊዜ አጭር ነው። የኩዊዝ፣ የአሳይመንትና የሚድ ማርካችሁን በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ላይ እየሞላችሁ ከቆያችሁ፣ መምህሩ ቢሮ ይዛችሁት ሂዱ።