የወሊድ ፈቃድ ሳያልቅ ልጅ የሚይዝ ሰው ማግኘት

ደብረ ማርቆስ ይሁን ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ብዙ ቤት ሞግዚት መፈለግ የሚጀመረው ፈቃዱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ የተገኘችውን መቀበል ግድ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የእናት ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ የአባት 3 ቀን ብቻ። ሕፃኑ ግን እስከ 6 ወሩ ከጡት ሌላ አያስፈልገውም። ስለዚህ የምትፈልጉት የታለበ የእናት ወተት በአግባቡ የምትሰጥ ሰው ነው። ልጁ 60 ቀን ሲሞላው ፍለጋ ጀምሩ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት እናት ቤት እያለች አብራ ትሥራ።

አያት ከገጠር ማምጣት የሚመረጠው ነው። ቀድማችሁ የምትነጋገሩበት ነገር ሁለት ነው፦ ቅቤ ማላስና ውሃ ማጠጣት እንደማይኖር፣ የአጨዳ ጊዜ ሲመጣ ማን እንደሚተካቸው።

በደላላ ከሆነ ተያዥዋን በስልክ ሳይሆን በአካል አግኙ፤ የመታወቂያዋን ኮፒ ያዙ። አዋጁ ለሥራ የሚፈቅደው ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው፤ እኛ ለጨቅላ ሕፃን ከ18 በታች አንመክርም። የማታ ተማሪ መሆኗንም ጠይቁ። እሷ 11 ሰዓት ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጋለች፣ እናንተ ከቢሮ የምትወጡት 11:30 ነው። በየቀኑ የምታጣላው ይቺ ግማሽ ሰዓት ናት።

ወተቱን እንዲህ አሳዩዋት። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ክዳን ያለው ዕቃና ስኒ 10 ደቂቃ ይቀቀላል። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ስኒ ይሻላል። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ 2 ሰዓት ላይ የታለበው 6 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ እናት ለምሳ ገብታ ታጠባለች፣ ለከሰዓቱ አዲስ ታልባለች። ባሕር ዳር ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከዚያ ስለሚያልፍ የ4 ሰዓቱን ሂሳብ አትመኑት። የቀዘቀዘው ስኒውን ሙቅ ውሃ ውስጥ በማቆም ይሞቃል፣ እሳት ላይ አይጣድም። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። እናትም ቢሮ ውስጥ በየ3 ሰዓቱ ካላለበች ወተቱ ይቀንሳል፤ ብዙዎች «ወተቴ ደረቀ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ብርድ ነው። የተቀጣጠለ ከሰል በር ተዘግቶ ልጅ ያለበት ክፍል እንዳይገባ በግልጽ ንገሯት፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

የሕፃናት ማቆያ ካገኛችሁ ሳትነግሩ 9 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ጠዋት ሁሉም ቤት ንጹሕ ነው። ልጆቹንና ሞግዚቶቹን ቁጠሩ፦ ከዓመት በታች ላሉት አንዷ ከአራት በላይ ከያዘች ሌላ ፈልጉ። በፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ማቆያ እንዲቋቋም ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ።

ለመስቀል ወይም ለጥምቀት ወደ ቤተሰቧ የሄደች ሞግዚት ልትቀር ትችላለች። የወሩን ደመወዝ ሳታጓድሉ ስጧት፤ ይዞ ማስቀረት አይመልሳትም። ይልቅ አንዲት ጎረቤት በወር አንድ ቀን እየተከፈላት ልጁን ትያዝ፣ ያኔ ልጁም ይለምዳታል፣ ወተቱም የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች።