ትል ፌስታል በላ ከማለታችን በፊት

በጅማ ዙሪያ ያሉ ንብ አናቢዎች የሰም ትልን፣ ማለትም የአንዲት የእሳት እራት ዕጭን፣ የሚያውቁት በጠላትነት ነው፤ የተዳከመ ህብረ ንብ ያገኘ እንደሆነ የማር እንጀራውን እየቦረቦረ በድር ይሸፍነዋል። ይኸው ትል ፌስታል እንደሚበሳ ከታወቀ ወዲህ፣ የአንጀቱ ባክቴሪያ ቆሻሻችንን ያጠፋልናል የሚል ተስፋ በተማሪዎች ዘንድ ይሰማል። ተስፋው መሠረት አለው፤ የሚያበላሹት የተለመዱ ስህተቶች ናቸው።

ዋናው መብሳትን በአንጀት እንደ መፍጨት መቁጠር ነው። ትሉን በፌስታል ቋጥሮ ያሳደረ ሰው ጠዋት ቀዳዳውን ያያል፣ ከሥሩ የተበተነውን ብናኝ ግን ልብ አይልም፤ ብናኙ ያው ፌስታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዋ ፌዴሪካ ቤርቶቺኒና ባልደረቦቻቸው 100 ትሎች በ12 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ፌስታል 92 ሚሊግራም እንደቀነሱ ሲያሳውቁ፣ በዚያው ዓመት የጀርመን ተመራማሪዎች ለኬሚካላዊ ለውጥ ማስረጃ የተባለው ምልክት በፕላስቲኩ ላይ ከቀረ የትል ስብና ፕሮቲን ሊመጣ እንደሚችል ተከራክረዋል። የበለጠ አሳማኙ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2015 በዱቄት ትል (የጥንዚዛ ዕጭ) ላይ የተደረገው ነው፤ የተመገበው ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ካርቦን 13 በተባለ ከተለመደው በሚከብድ የካርቦን ዓይነት ምልክት ተደርጎበት ስለነበር፣ ያው ካርቦን በትሉ ስብና በሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ተገኝቷል። ፍጥነቱንም ማስላት ይገባል፦ በ2017ቱ ልክ ቢቀጥሉ እንኳ፣ 5 ግራም የሚመዝን አንድ ፌስታል ለመጨረስ 100 ትሎች 27 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል።

ሁለተኛው ሥራውን ሁሉ ለአንጀት ባክቴሪያ መስጠት ነው። የዱቄት ትል ጄንታማይሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ሲሰጠው ፖሊስታይሪን የማፍረስ ችሎታውን አጥቷል፤ እዚያ ላይ ባለድርሻዋ ባክቴሪያ መሆኗ ግልጽ ነው። በሰም ትል ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ፖሊኢትሊንን (የፌስታልን ፕላስቲክ) የሚያጠቁ ኢንዛይሞች በራሱ ምራቅ ውስጥ ተገኝተዋል። የአንዱን ትል ውጤት ለሌላው መዋስ አይቻልም።

ፕላስቲክን ሁሉ አንድ ማድረግም እንዲሁ ነው። ፌስታል ፖሊኢትሊን ሲሆን፣ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ፔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነችው የጃፓኗ ባክቴሪያ የምትበላው ፔትን ነው፤ የተገኘችውም ከነፍሳት አንጀት ሳይሆን ጠርሙስ መልሶ ከሚጠቀም ስፍራ ነው።

ለሙከራ ብሎ የሰም ትል ቀፎ አጠገብ ማርባት ደግሞ የሚያስከትለውን ንብ አናቢ ጎረቤትዎን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ያመለጠች አንዲት እናት የእሳት እራት ዕንቁላሏን የምትጥለው ፌስታል ላይ ሳይሆን የማር እንጀራው አጠገብ ነው።