የወንዝ ዳርቻና የክፍት ቦታ እጽዋት እንክብካቤን በኮንትራት ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ነበር። መናፈሻ ከተመረቀ በኋላ ግን ሣሩ ማደጉን፣ የወፍ ቆሎው ማቆጥቆጡን አይተውም፤ የየዓመቱ እንክብካቤ ለማኅበር ወይም ለሥራ ተቋራጭ ይሰጣል። ጣጣውም የሚጀምረው ከጨረታ ሰነዱ ነው። ሰነዱ የሚገዛው ማጨድን ከሆነ የሚገኘው የታጨደ ዳርቻ ብቻ ነው። ለከተማው የሚበጀው ክረምት ሲገባ የማይናድ፣ አረሙም ከዓመት ዓመት እየሳሳ የሚሄድ ዳርቻ ነው።

ሥራውን በበጀት ዓመት መቁጠር

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል እስኪፈረም በቀላሉ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ሣሩ ደርቋል፣ አረሙም ዘሩን ጥሎ ጨርሷል። ፓርቴኒየም (ቅንጬ አረም) ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ሊጥል ይችላል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ታኅሣሥ ላይ የሚያጭድ ሠራተኛ ዘሩን በልብሱና በማሽኑ ይዞ ወደሚቀጥለው ቦታ ያዛምታል።

ስለዚህ ውሉ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይሁን፤ የሥራ ዙሮቹም በወር ስም ይጻፉ። የመጀመሪያው ዙር ዝናቡ ከጀመረ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ፣ አረሙ ለጋ ሳለና አፈሩ ረጥቦ ሥሩ በእጅ ሲነቀል ነው። ሁለተኛው ነሐሴ ላይ፣ አምልጦ የበቀለው ሳያብብ። ሦስተኛው ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ ደርቆ ለእሳት ከመመቸቱ በፊት። የበልግ ዝናብ ቀደም ብሎ ከጣለ ሚያዝያ ላይ ተጨማሪ ዙር ያስፈልጋል፤ ዋጋው ከወዲሁ በሰነዱ ውስጥ ይኑር።

«ዳርቻውን ማጽዳት» ብሎ መጻፍ

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ሐረግ ነው። ተቋራጩ «ማጽዳት»ን የሚረዳው አፈሩ እስኪታይ መመንጠር ብሎ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ባዶውን መሬት አይቶ ይፈርማል። በደቡቡ የከተማው ክፍል ጥቁር አፈር ይበዛል። ይህ አፈር በበጋ ከተራቆተ ይሰነጠቃል፣ የሰኔ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ዳርቻውም በቁራጭ ይናዳል። ከዚያ በኋላ ለጋቢዮን (በሽቦ ሳጥን ለታሰረ የድንጋይ ድጋፍ) የሚወጣው ገንዘብ ከእንክብካቤው ወጪ ጋር አይወዳደርም።

በምትኩ ዳርቻውን በ3 ቀጠና ከፍለው ለእያንዳንዱ የራሱን መመሪያ ይስጡ። ከላይ፣ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ ሣሩ በመደበኛነት ይታጨዳል። በተዳፋቱ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሣር ቆሞ ይቀራል፤ የሚወገደው በስም የተዘረዘረው ብቻ ነው። ከውሃው ጠርዝ እስከ 3 ሜትር ድረስ ደግሞ መጤ አረምና ፍሰት የሚዘጋ የወደቀ ግንድ ብቻ ይነሳል። የሁለቱን ዳርቻ ተዳፋት በአንድ ሳምንት አያስጨርሱ። አንዱ ሲያቆጠቁጥ ሌላው ይከተል፤ ወፎችና ትንንሽ እንስሳትም መጠጊያ አያጡም።

የስም ዝርዝሩ ሁለት ይሁን። የሚወገዱት ፓርቴኒየም፣ የወፍ ቆሎ፣ በውሃው ላይ የሚታይ እምቦጭና በልጆች መጫወቻ አጠገብ የበቀለ ጉሎ ናቸው፤ የጉሎ ፍሬ መርዛማ ነው። ሁለተኛው ዝርዝር የማይነኩት ነው፣ ብዙ ሰነዶች የሚጎድላቸውም ይኸው ነው። ቀጋ፣ አጋም፣ ግራዋና ሰንሰል ላላወቃቸው ሰው ቁጥቋጦ ብቻ ይመስላሉ፤ ዳርቻውን አስረው የያዙት ግን እነሱ ናቸው። ወይራ፣ ጽድ፣ ሾላና ብሳናም በችግኝነታቸው ከአረም ጋር አብረው ይታጨዳሉ። የቅጠሎቻቸውን ፎቶ ከውሉ ጋር አያይዙ፤ ሥራው ሲጀመርም ለሠራተኞቹ መሬት ላይ ያሳዩ።

ስፋቱን ከካርታ ላይ ብቻ መለካት

ካርታ ተዳፋትን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያሳየው። 30 ዲግሪ ያዘነበለ ዳርቻ ትክክለኛ ስፋቱ በካርታው ከሚታየው 1.15 እጥፍ፣ 45 ዲግሪ ከሆነ 1.41 እጥፍ ይደርሳል። በካርታው ስፋት የተጫረተ ማኅበር መሐል ላይ ሲከስር ሥራውን ጥሎ ይሄዳል ወይም ተዳፋቱን ይዘለዋል። ከጨረታው በፊት የቦታ ጉብኝት ግዴታ ይሁን፣ የተዳፋቱ ስፋትም በሜትር ተለክቶ ይጻፍ።

ዋጋውንም በአንድ ጥቅል አይጠይቁ። ማጨድ በሄክታር፣ አረም ነቀላ በካሬ ሜትር፣ ጥራጊ ማንሳት በሜትር ኩብ፣ ዛፍ መቁረጥ በግንዱ ውፍረት ይከፈላል። ውፍረቱ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 40፣ ከ40 በላይ ብሎ መክፈል ይበቃል።

እንጨቱና ሣሩ የማን እንደሆነ አለመወሰን

ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። እንጨቱ የተቋራጩ ከሆነና የሚቆረጠው ዛፍ ካልተለየ፣ ያልታቀደ ዛፍ መውደቁ አይቀርም። የሚቆረጠው ዛፍ ሁሉ ቁጥር ይሰጠው፤ በሁለት ቦታም በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ አንዱ በደረት ከፍታ፣ ሌላው ከመሬት በላይ ባለችው ጉቶ ላይ። ዛፉ ከወደቀ በኋላ ተቆጣጣሪው ጉቶውን ይቆጥራል፤ ቀለም የሌለው ጉቶ ያስቀጣል። ሣሩ ለከብት መኖ የሚሸጥ ከሆነ ፓርቴኒየም የተቀላቀለበት እንዳይወጣ ይከልክሉ፤ የወተትን ጣዕም ያበላሻል።

ቆርጦ መሄድ

ባሕር ዛፍና የወፍ ቆሎ ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በአንድ ግንድ ፋንታ ብዙ ቀንበጥ ይዞ ይመለሳል። በጠፍጣፋ ቦታ የወፍ ቆሎን ከነሥር አንገቱ ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል። በተዳፋት ላይ ግን መቆፈር ዳርቻውን ስለሚያላላ ሥሩ ይቆይና ቀንበጡ በየዙሩ ይቆረጥ፣ ጎን ለጎንም ተተኪው ይተከል። ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር በሰኔ መጨረሻ፣ በተዳፋቱ አግድም፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ በረድፍ ይተከላል። ነቀላና ተከላ ለሁለት ተቋራጮች ከተሰጡ በመሐላቸው ያለው ክፍተት መልሶ የአረም ይሆናል፤ በአንድ ውል ይታሰሩ።

ፀረ አረም ካስፈለገ በወንዝ ዳር በመርጫ አይረጭ። ግላይፎሴት ከተባለው ፀረ አረም ጋር በአንዳንድ ምርቶች ውስጥ የሚቀላቀለው ማጣበቂያ ለዓሣና ለእንቁራሪት ከመድኃኒቱ ከራሱ ይበልጥ መርዛማ ነው። ጉቶ ላይ ከሆነ በብሩሽ፣ በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው የውጪ ቀለበት ላይ ይቀባል። ዘግይቶ የተቀባ ጉቶ መድኃኒቱን ወደ ሥሩ አያወርደውም።

ጥራጊውን ዳር ላይ ከምሮ መተው

የመጀመሪያው ጎርፍ ወደ ቱቦውና ወደ ድልድዩ ሥር ይወስደዋል፣ ውሃውም ወደ ሰው ቤት ይዞራል። በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ በውሉ ይጻፍ። ያበበ ፓርቴኒየም በተዘጋ ከረጢት ይውጣ፤ ወደ ኮምፖስት አይግባ።

በመጀመሪያው ዙር ክፍያን ጨርሶ መክፈል

አረም የሚፈተነው ሲመለስ ነው። ከክፍያው 60 በመቶው ለመጀመሪያው ዙር፣ 20 በመቶው ለሁለተኛው፣ ቀሪው 20 በመቶ ደግሞ ከክረምቱ በኋላ በሚደረግ ፍተሻ ቢሆን ተቋራጩ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ይኖረዋል። ፍተሻው በዓይን ግምት አይሁን። በዕጣ የተመረጡ 10 በ10 ሜትር ቦታዎች ላይ ያበበ አረም፣ የተራቆተ አፈርና የተጎዳ ችግኝ ይቆጠር፤ ፎቶውም በየዙሩ ከዚያው ችካል ላይ ቆሞ ይነሳ። የችግኝ ጉዳቱን በተለይ ይመልከቱ። የማጨጃ ማሽን ገመድ የለጋ ችግኝን ቅርፊት ዙሪያውን ከላጠው ችግኙ ከወራት በኋላ ቆሞ ይደርቃል፣ ያኔ ጥፋቱ በድርቅ ይመካኛል። በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ 50 ሴንቲ ሜትር በእጅ ብቻ ይታረም።

የደኅንነት ዕቃን ከዋጋ ውጪ መተው

የእነዚህ ወንዞች ውሃ የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው፤ ፓርቴኒየም ደግሞ ቆዳን ያሳክካል፣ አስም ያስነሳል። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ማኅበር ቀድሞ የሚቆጥበው ከቦት ጫማና ከጓንት ላይ ነው። ስለዚህ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ ለሞተር መጋዝ የራስ ቆብና የዓይን መከላከያ በዋጋ ሠንጠረዡ ውስጥ ለብቻቸው ይመዝገቡ። ዋጋቸውን ከተማው ይወስን፣ ተጫራቾች አይወዳደሩበት፤ ክፍያውም ዕቃው በሠራተኛው እጅ መግባቱ ሲረጋገጥ ይፈጸም።