በጃፓን የተስፋፋ የውጭ ግብዓት አምራች ኩባንያ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

የፋብሪካ ግብዓት የሚያመርት የውጭ ኩባንያ ጃፓን ገብቶ የተስፋፋበትን ታሪክ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፋብሪካው ከተተከለበት ዓመት ነው፤ እኔ ግን ከአክሲዮን ድርሻው እንዲጀምር አጥብቄ እመክራለሁ። በማጣበቂያ ምርቶቹ የሚታወቀውን የአሜሪካውን ስሪኤም እንውሰድ። በ1960 እ.ኤ.አ. (ሌላ ካልተባለ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሱሚቶሞ ስሪኤም የተባለው የሽርክና ኩባንያ ሲቋቋም ስሪኤም ግማሹን፣ ሱሚቶሞ ኤሌክትሪክና ኤንኢሲ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች ደግሞ ሩብ ሩቡን ያዙ። ስሪኤም የኤንኢሲን ሩብ በ2003 በ377 ሚሊዮን ዶላር፣ የሱሚቶሞን ሩብ ደግሞ በ2014 በ90 ቢሊዮን የን ገዝቶ ብቸኛ ባለቤት ሆነ። እነዚህን ሦስት ዓመታት በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጠው በእያንዳንዱ ፊት «ለምን ያኔ?» ብለው ይጠይቁ።

የመጀመሪያው መልስ ከሕጉ ይገኛል። በ1950 የወጣው የጃፓን የውጭ ካፒታል ሕግ የውጭ ባለሀብት አክሲዮን የሚይዘው በመንግሥት ፈቃድ እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ በሩ ቀስ በቀስ መከፈት የጀመረው በሐምሌ 1967 ሲሆን፣ ሙሉ ባለቤትነት በመርህ ደረጃ የተፈቀደው በ1973 ነው። ስለዚህ የ1960ው ግማሽ ድርሻ በሕጉ ይብራራል፤ ከ1973 እስከ 2003 ያሉት 30 ዓመታት ግን በሕጉ አይብራሩም። ጃፓናውያኑ ሸሪኮች በደንበኛ፣ በሠራተኛ ቅጥርና በታማኝነት ረገድ ምን እንዳበረከቱ መመርመር ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ እምነት የጽሑፉ ክብደት የሚለካውም በዚህ ክፍል ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር የምሰጠውን ማሳሰቢያ እንደ ጥቃቅን ነገር እንዳያዩብኝ። የጃፓን ሰነዶች ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ስለሚቆጥሩ 1960ን «ሾዋ 35» ብለው ይጽፉታል፤ በሾዋው ቁጥር ላይ 1925 ሲደመር የአውሮፓው ዓመት ይገኛል። በእኛ አቆጣጠር ያ ዓመት 1952 እና 1953 ነው። «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከተዘነጋ አንባቢው 1960ን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ የእኛ 1960 ደግሞ የገባው በመስከረም 1967 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በሩ መከፈት ከጀመረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚህ ስሕተት ምክንያት በእገዳው ዘመን የተቋቋመው ኩባንያ እገዳው ከላላ በኋላ የመጣ ይመስላል፤ የጽሑፉም ክርክር ይገለበጣል።

ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት የተፈረመ የቴክኖሎጂ ፈቃድ ውል መኖሩንም ያጣሩ። የአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት የናይለን ዕውቀቱን በ1951 ቶዮ ሬዮን ለተባለው፣ ዛሬ ቶሬ ለሚባለው ኩባንያ በፈቃድ ሲሰጥ፣ ቶዮ ሬዮን 3 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም በወቅቱ ምንዛሪ 1.08 ቢሊዮን የን ለመክፈል ተስማማ፤ የራሱ ካፒታል ግን 750 ሚሊዮን የን ብቻ ነበር። ሁለቱ የጋራ ኩባንያ ያቋቋሙት ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነው።

ምንጭ ሲፈልጉ የአሜሪካውን ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ከአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት አውርደው ያስቀምጡ። የሽርክናው ኩባንያ ራሱ በአክሲዮን ገበያ ካልተመዘገበ፣ የተመዘገበውን የጃፓናዊ ሸሪክ ሪፖርት ይመልከቱ። ከዚህ ሌላ የጃፓን ኩባንያዎች «ሻሺ» የሚሉት የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የጎንደር ነገሥታትን ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው ሻሺን ለማንበብ አይቸገርም፤ ሁለቱም የተጻፉት በባለቤቱ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ቀኑንና ስሙን በጥንቃቄ ሲመዘግቡ ሽንፈቱን በአጭሩ ያልፉታል። ስለዚህ ከሻሺ ቀንን፣ የፋብሪካ ቦታንና የሹመት ዝርዝርን ይውሰዱ፤ የስኬቱን ምክንያት ግን በሸሪኩ ሰነድ ሳያመሳክሩ አይቀበሉ። ሁለቱ ሰነዶች ሲለያዩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈው፣ የትኛውን ለምን እንደመረጡ እዚያው ገጽ ላይ ያስረዱ።